ቧንቧን የሚያይ፣ ፍምን የማያይ ሕግ፦ በኪራይ ቤት ስለሚነድ ከሰልና ስለ ካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ግዴታ

በስልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ በሚገኝ አፓርትመንት ውስጥ የበዓል ቡና ሊፈላ ሲል ብዙ ጊዜ ሦስት ነገሮች በተርታ ይደረጋሉ። ኮርኒሱ ላይ ያለው የጭስ ማስጠንቀቂያ በፌስታል ይሸፈናል፤ ወይም ባትሪው ይወጣል። የዕጣኑና የከሰሉ ሽታ ወደ ኮሪደሩ እንዳይወጣ መስኮቱ ይዘጋል፤ የበሩ ሥር በፎጣ ይደፈናል። በመጨረሻም በረንዳ ላይ የተያያዘው ከሰል ከቀላ በኋላ ፈርኔሎው ተነሥቶ ወደ ሳሎን ይገባል። ሦስቱም የሚደረጉት በጥንቃቄ ስም ነው። የመጀመሪያው ሕንጻውን በሙሉ በጩኸት ላለማወክ፣ ሁለተኛው ከአከራይ ጋር ላለመጣላት፣ ሦስተኛው ደግሞ «የቀላ ከሰል አይጎዳም» በሚል እምነት ነው። ሦስቱ ሲደመሩ ግን ቤተሰቡ በገዛ እጁ ራሱን ከመርዝ ጋር ይዘጋል።

በዚያ ቤት ውስጥ መርዙን የሚለይ መሣሪያ ላይኖር ይችላል። አለመኖሩም በብዙ ቦታ ሕግ መጣስ አይደለም። ምድጃው፣ ማሞቂያውና የውኃ ማፍያው በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ከሆነ፣ ቤቱም ከጋራዥ ጋር ካልተያያዘ፣ ሕጉ «እዚህ ቤት ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊኖር አይችልም» ብሎ ደምድሟል። የሕንጻውን ቧንቧና ሽቦ ቆጥሯል፤ በሕንጻው ውስጥ የሚኖሩት ሰዎች ምን እንደሚያነዱ ግን አልጠየቀም። መታረም ያለበት ይህ ነው፤ የማስጠንቀቂያው ግዴታ ከመሣሪያው ተላቆ በቤቱ ከሚተኛው ሰው ጋር ሊታሰር ይገባል።

ፍሙ ሲቀላ አደጋው አያበቃም

ከሰል ሲያያዝ የሚወጣው ጭስ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ ሰውም ይሸሸዋል። ፍሙ ሲቀላ ጭሱ ይጠፋና «ጠርቷል» ይባላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚታየው ጭስ በአብዛኛው ከሰሉ ውስጥ ከቀረው እርጥበትና በሚገባ ካልከሰለው እንጨት የሚመጣ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፤ ፍሙ ደምቆ በሚግልበት ሰዓትም መመንጨቱን ይቀጥላል። ከታች የገባው አየር ከሰሉን ሲያነድ የሚፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጋለው ፍም መካከል ወደ ላይ ሲያልፍ እንደገና ከካርቦን ጋር እየተዋሐደ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። እሳት ለነገ ለማቆየት ፍምን በአመድ ማዳፈንም የአየሩን መጠን ይቀንሳል እንጂ መርዙን አያቆምም። ስለዚህ ከሁሉ የከፋው ሰዓት ቡናው አልቆ፣ እንግዶች ተሸኝተው፣ የተዳፈነው ፈርኔሎ «ለሙቀት» ተብሎ ወደ መኝታ ክፍል የሚገባበት ሰዓት ነው።

ይህ ልማድ የተወለደበት ቤት ሌላ ነበር። የሣር ክዳን ያለው ጎጆ በጣሪያው ይተነፍሳል፤ በሩም ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ያም ቢሆን ጤና አልሰጠም። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ከሚነድ እንጨት፣ ከሰል፣ ኩበትና መሰል ነዳጅ የሚመጣ የአየር ብክለት እ.ኤ.አ. በ2020 ለ3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ምክንያት እንደነበረ ገምቷል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) የዛሬው አፓርትመንት ደግሞ ሙቀት እንዳያባክን ሆን ተብሎ የታሸገ ነው፤ መስኮቱ ድርብ መስታወት፣ በሩ በላስቲክ የተከበበ ነው። ከሰል ቆጣቢ ምድጃም እዚህ አያድንም። እንደ «ላቀች» ያሉ ምድጃዎች በአገር ቤት ደንንና ኪስን ለማዳን ብዙ ጠቅመዋል፤ ነዳጅ መቆጠብ ግን ክፍሉን ከመርዝ መጠበቅ ማለት አይደለም።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሚበልጥ ኃይል ከደም ሄሞግሎቢን ጋር ይጣበቃል። የተመረዘ ሰው በመጀመሪያ የሚሰማው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና ድካም ነው፤ ምልክቶቹ ጉንፋን፣ ምች፣ ጾም ወይም የሌሊት ፈረቃ ድካም ተብለው ይታለፋሉ። ወተት ማጠጣት ወይም ሎሚ ማስሸተት የተለመደ ሕክምና ነው፤ ሁለቱም ከሄሞግሎቢን ላይ ምንም አያላቅቁም። የሚያላቅቀው ንጹሕ አየርና በሐኪም የሚሰጥ ኦክስጅን ብቻ ነው። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ጽንሱ ከእናቱ ይልቅ ይጎዳል፤ መርዙም ከጽንሱ ደም ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው።

ለሕግ አውጪ ረዳቶች በተለይ መነገር ያለበት አንድ የሕክምና እውነት አለ። ጣት ላይ የሚሰካው የተለመደው የኦክስጅን መለኪያ ኦክስጅን የተሸከመውን ደም ካርቦን ሞኖክሳይድ ከተሸከመው አይለይም፤ የተመረዘውን ሰው «ደህና ነው» ብሎ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ሁሉም ነገር በአንድ ጥያቄ ላይ ይንጠለጠላል። የአደጋ ጊዜ ስልክ ያነሣው ሠራተኛ «ቤታችሁ ጋዝ አለ?» ብሎ ሲጠይቅ «የለም» የሚለው መልስ እውነት ነው፤ የተሳሳተው ጥያቄው ነው። «ከሰል አንድዳችኋል?» ብሎ በሚሰማው ቋንቋ የሚጠይቀው ሰው ግን የለም።

የሕጉ ቃል ምን ይላል?

በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች መሠረት የሆነው ዓለም አቀፉ የመኖሪያ ቤት ኮድ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያን የሚያስገድደው ቤቱ ነዳጅ የሚያቃጥል መሣሪያ ወይም የተያያዘ ጋራዥ ሲኖረው ነው። በእንግሊዝ የ2015ቱ ደንብ ጠንካራ ነዳጅ የሚያቃጥል መሣሪያ ባለበት የኪራይ ክፍል ብቻ ማስጠንቀቂያ ያዝዝ ነበር፤ ከኦክቶበር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ግዴታው ወደ ማንኛውም «ቋሚ» የማቃጠያ መሣሪያ ሰፋ፤ የጋዝ ማብሰያ ግን ተተወ። «ቋሚ» የምትለዋ አንዲት ቃል ፈርኔሎን፣ የዕጣን ማጨሻን፣ ተንቀሳቃሽ ጥብሳ መጥበሻን በሙሉ ከሕጉ አስወጣች። ሊነሣና ሊቀመጥ የሚችል እሳት በሕጉ ዓይን እሳት አይደለም ማለት ነው።

የቨርጂኒያው ድንጋጌ ደግሞ የተለየ ድክመት አለው። ተከራዩ ሲጠይቅ አከራዩ በ90 ቀናት ውስጥ ማስጠንቀቂያ እንዲያስገባ ያዝዛል፤ ተመጣጣኝ ወጪውንም ከተከራዩ እንዲያስከፍል ይፈቅዳል። ዘጠና ቀን ማለት አንድ ክረምት ማለት ነው። እንግሊዝኛ የማይጽፍ፣ የኪራይ ውሉ እንዳይቋረጥበት የሚሰጋ፣ መሣሪያው መኖሩን እንኳ ያልሰማ ሰው ግን ጥያቄውን አያቀርብም። አደጋውን በሚገባ የሚያውቅ ሰው ብቻ የሚያገኘው ጥበቃ፣ ከሁሉ በላይ ለማያውቀው ሰው አልተሠራም።

ሌላ መንገድ እንዳለ የሚያሳየው የዋሽንግተን ግዛት ታሪክ ነው፤ ታሪኩም የስደተኞች ታሪክ ነው። በጃንዋሪ 1993 በሲያትል አካባቢ በደረሰው ማዕበል መብራት ሲጠፋ በካርቦን ሞኖክሳይድ ተመርዘው ሐኪም ቤት ከገቡት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቤት ውስጥ ከሰል ያነደዱ ነበሩ። የከተማዋ ሐኪሞች በ1994 ባሳተሙት ጥናት ይህ አደጋ ከሁሉ በላይ የሚጥለው እንግሊዝኛ በማይናገሩ ቤተሰቦች ላይ እንደሆነ አሳዩ። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን በ1996 የከሰል ማሸጊያ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በሥዕል እንዲሆን ያዘዘው ከዚህ ዓይነቱ ልምድ በኋላ ነው፤ በቤት፣ በድንኳንና በመኪና ውስጥ ያለ መጥበሻ ላይ የተሰመረው መስቀል የመጣው በዚያ ደንብ ነው።

ሥዕሉ ብቻውን አልበቃም። በዲሴምበር 2006 ሌላ ማዕበል መጣ፤ መብራት ለቀናት ጠፋ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተመረዙ፤ የሞቱም ነበሩ። በኪንግ ካውንቲ የተደረገው ጥናት አሁንም ስደተኞች ከሌላው ሕዝብ ይልቅ መጎዳታቸውን መዘገበ። የሲያትል ታይምስ ጋዜጣ ማስጠንቀቂያውን በብዙ ቋንቋዎች በፊት ገጹ አተመ። ይህ የተመሰገነ ሥራ ቢሆንም ጋዜጣው የወጣው ሰዎች ከሞቱ በኋላ ነው። ግዛቱ በ2009 ሕግ አወጣ። ዝርዝር ደንቡ የራሱ ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩትም፣ የሕጉ መነሻ መሣሪያው ሳይሆን ሕንጻው የመኖሪያ ቤት መሆኑ ነው። ሌሎች ግዛቶች ሊቀዱት የሚገባው ይህንን ነው።

ቴክሳስ ግን አልቀዳችውም ነበር። በፌብሩዋሪ 2021 በረዶው የኤሌክትሪክ መረቡን ሲጥለው በመላ ግዛቱ ቤቶች ማስጠንቀቂያ እንዲኖራቸው የሚያስገድድ ሕግ አልነበረም። ሰዎች ጄኔሬተር፣ የከሰል መጥበሻና መኪና እየተጠቀሙ ለመሞቅ ሞከሩ። በሂውስተን ከሞቱት መካከል ከአንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ሁለት ሰዎች ነበሩ። በዚያ ቤት መርዙን ያመጣው ከሰል ሳይሆን በጋራዥ ውስጥ የተነሣ መኪና ነው። ይሁን እንጂ በብርድ ሌሊት መብራት ሲጠፋ ሰው ያለውን እሳት ሁሉ ወደ ቤቱ እንደሚያስገባ፣ መኖሪያ ቤቱንም ከሞት የሚለየው ኮርኒስ ላይ የተሰቀለ ትንሽ ሣጥን እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

«ለጥቂት ስደተኞች ልማድ ተብሎ ሕግ አይለወጥም» የሚሉ ይኖራሉ። መርዙ ግን በዜግነትም በግድግዳም አይገደብም። በ2013 የታተመ የሲያትል ሐኪሞች ጥናት ካርቦን ሞኖክሳይድ በተለመደው የጂፕሰም ግድግዳ ውስጥ ሰርጎ እንደሚያልፍ አረጋግጧል። በአንዱ ቤት የነደደ ከሰል በሌላው ቤት ያለ ሕፃን ይደርሳል ማለት ነው። ሕጉ «ነዳጅ የለበትም» ብሎ ነጻ ያወጣው አፓርትመንት ጎረቤቱን መምረጥ አይችልም።

«ባህል ነው» እና «ውሉ ይከለክላል»

ከዚህ በላይ የተነገረው ሁሉ ሕግ አውጪዎችን የሚመለከት ነው። የማኅበረሰቡ መሪዎችም ግን ከጥፋቱ ነጻ አይደሉም። ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት በየዓመቱ ስብሰባ የሚጠሩ ማኅበራት ስለ ፈርኔሎ ለመናገር ያፍራሉ፤ ባህልን መንካት ይመስላቸዋል። የተከሰሰው ግን ቡናው አይደለም። ቡናን ቡና ያደረገው ከአቦል እስከ በረካ መቀመጡና ጎረቤት መጠራቱ ነው። በአዲስ አበባ ብዙ ቤተሰብ ጀበናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ካስቀመጠ ቆይቷል፤ ያንን ባህል ጠፋ ያለ የለም። የኤሌክትሪክ የዕጣን ማጨሻም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ገበያ የተለመደ ዕቃ ነው። አሜሪካ የሚኖረው ሰው ከአዲስ አበቤው ይልቅ ለከሰል ታማኝ የሆነበት ምክንያት ናፍቆት ነው። ናፍቆት ይከበራል፤ ልጆች በሚተኙበት ክፍል ውስጥ ግን አይነድም። «መስኮት ከፍቼ አነዳለሁ» የሚለውም በቂ አይደለም፤ በተከፈተ መስኮት የሚገባው አየር መጠን እንደ ነፋሱ ይለዋወጣል፤ የከሰል ቦታ ደጅ ነው፤ አመዱም እስኪበርድ ድረስ ቦታው ክዳን ያለው ብረት ዕቃ ነው እንጂ የፕላስቲክ ቆሻሻ መጣያ አይደለም።

አከራዮች በበኩላቸው «የኪራይ ውሉ እሳት ይከለክላል» በማለት ጉዳዩን ይዘጋሉ። ክልከላው በወረቀት ላይ አለ፤ ውጤቱ ምን እንደሆነ ግን በዚህ ጽሑፍ መግቢያ ላይ ታይቷል። ሰው መባረርን ሲፈራ ከሰሉን አይተውም፤ መስኮቱን ነው የሚዘጋው። የጭስ ማስጠንቀቂያው መሸፈኑ ደግሞ ቤቱን ለእሳት ቃጠሎም ያጋልጣል፤ ይህ መሣሪያ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከቶ እንደማይለይም ብዙዎች አያውቁም። ቅጣት ብቻ ያለበት ደንብ አደጋውን ከአከራዩ ዓይን ይሰውረዋል እንጂ ከተከራዩ ሳንባ አያወጣውም።

የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሁኔታ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ አንድ ነገር ግን መዘለል የለበትም። በሳዑዲ ዓረቢያና በኩዌት የሲቪል መከላከያ ባለሥልጣናት በየብርዱ ወራት ከሰልና እንጨት በተዘጋ ክፍል እንዳይነድ ያስጠነቅቃሉ። ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው በአብዛኛው ለቤቱ ባለቤት ነው። ማሞቂያ በሌለው፣ መስኮቱ ጠባብ በሆነ የሠራተኛ ክፍል ውስጥ የምትተኛ ኢትዮጵያዊት ፍም ይዛ የምትገባው ባለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ስለበረዳት ነው። ለእርሷ «ከሰል አታንድጂ» ማለት ብቻውን ፌዝ ነው። የሁለትዮሽ የሥራ ስምምነቶች ስለ ደመወዝና ስለ ፓስፖርት እንደሚደነግጉ ሁሉ ስለ መኝታ ክፍሉ ማሞቂያ፣ አየርና ማስጠንቀቂያ መሣሪያም ሊደነግጉ ይገባል።

የሚጠየቀው

የመጀመሪያው ጥያቄ የሕጉን ቃል መለወጥ ነው፤ የተቀረው ሁሉ ከእርሱ ይከተላል። ወጪው እንደ መከራከሪያ ይቀርባል። ነገር ግን ዋጋው በጥቂት አሥር ዶላሮች የሚቆጠር፣ ለዓመታት የሚያገለግል መሣሪያ ከአንድ ወር ኪራይ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። አሜሪካ ውስጥ ከቃጠሎ ጋር ባልተያያዘ ድንገተኛ የካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዝ በየዓመቱ ከ400 በላይ ሰዎች እንደሚሞቱ የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ይገልጻል።

መሣሪያው ፍጹም እንዳልሆነም በግልጽ መነገር አለበት። የአሜሪካው መለኪያ፣ ዩኤል 2034፣ ከሚሊዮን የአየር እጅ 70 እጅ መርዝ ሲኖር መሣሪያው ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲጮኽ ነው የሚጠይቀው፤ 30 እጅ ሲሆን ጭራሹን ለ30 ቀናት እንዳይጮኽ ይፈልጋል። መለኪያው ጤነኛ አዋቂን ከሞት ለማዳን የተሰላ ነው፤ ነፍሰ ጡርንና ሕፃንን ከጉዳት ለመጠበቅ አይደለም። ስለዚህ ማስጠንቀቂያ መስቀል ከሰል ለማንደድ ፈቃድ ተደርጎ እንዳይተረጎም አስተማሪውም ሕግ አውጪውም ሊጠነቀቁ ይገባል።

የከሰል ማሸጊያ ደንቡም ክፍተት አለው። የ1996ቱ ቃል የሚመለከተው ለማብሰያ ወይም ለማሞቂያ የታሰበ ከሰልን ነው። ለዕጣንና ለሺሻ ተብለው የሚሸጡት ክብ፣ በክብሪት ወዲያው የሚያያዙ ከሰሎች በዚህ ቃል አይሸፈኑም፤ የሚያመነጩት መርዝ ግን ያው ነው። ከትልቅ ከረጢት ወጥቶ በፌስታል ተመዝኖ የሚሸጥ ከሰልም ሥዕሉን ከረጢቱ ላይ ትቶት ይመጣል። ኮሚሽኑ ቃሉን እንዲያሰፋ መጠየቅ የኮንግረስ አባላት ቢሮዎች በአንድ ደብዳቤ ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ ነው። የሐበሻ መደብሮች ባለቤቶች ደግሞ የማንንም ትእዛዝ ሳይጠብቁ ሥዕሉን ከከሰሉ አጠገብ መለጠፍ ይችላሉ። የአደጋ ጊዜ ስልክ ማዕከላትም በጥያቄ ዝርዝራቸው ውስጥ ከ«ጋዝ» ጎን «ከሰል» የሚለውን በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ያስገቡ፤ የማዕበል ማስጠንቀቂያ ሲወጣም ይኸው ቃል ማዕበሉ ከመድረሱ በፊት ይነገር።

በክልል ምክር ቤቶች ረቂቅ ለሚያዘጋጁ ረዳቶች የሚከተለው ድንጋጌ ለውይይት ቀርቧል፦

«ለመኖሪያ በሚከራይ ማንኛውም ቤት ወይም ክፍል ውስጥ፣ ነዳጅ የሚያቃጥል መሣሪያ ወይም የተያያዘ ጋራዥ መኖር አለመኖሩ ግምት ውስጥ ሳይገባ፣ ሰው በሚተኛበት በእያንዳንዱ አካባቢ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ማስገባት የአከራዩ ግዴታ ነው፤ ወጪውም ወደ ተከራዩ አይተላለፍም። አከራዩ ቤቱን ሲያስረክብ ከሰልን በቤት ውስጥ ማንደድ ስለሚያስከትለው አደጋ በሥዕልና ተከራዩ በሚረዳው ቋንቋ የተዘጋጀ መግለጫ ይሰጣል። ተከራይ በመመረዝ ምክንያት የአደጋ ጊዜ እርዳታ መጥራቱ ወይም ማስጠንቀቂያው መጮኹ ብቻውን የኪራይ ውልን ለማቋረጥ ምክንያት ሊሆን አይችልም።»